የዓለም አቀፍ ሕግ ማኅበር ዓመቱን እንዴት ይያዘው?

በዓለም አቀፍ ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ውስጥ የፕሮግራም አስተባባሪ ሆኜ ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ። አሁን አሁን ሌሎች ማኅበራት፣ በተለይ አዲስ የተቋቋሙት፣ «የዓመት ዕቅዳችንን እይልን» እያሉ ይልኩልኛል። ዕቅዶቹ ይመሳሰላሉ። ሁለት የፓናል ውይይት፣ ሦስት ዌቢናር፣ የሰብዓዊ መብት ቀን አከባበር፣ የተማሪዎች ውድድር፣ ዓመታዊ ጉባኤ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ጥሩ ነው። ግን አንዱ ከሌላው ጋር አይተዋወቅም። በዓመቱ መጀመሪያ የተነገረው ነገር በኋላ ማንም አያነሳውም። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ፎቶ ብቻ ነው።

የምመክረው አንድ ነገር ነው። ዓመቱን በአንድ የሕግ ጥያቄ ዙሪያ አዋቅሩት። ንግግሩም፣ ጥናቱም፣ ውድድሩም፣ ጉባኤውም ያንን ጥያቄ ይመግቡት። ዓመቱ ሲዘጋ በእጃችሁ አንድ ሰነድ ይኑር። መልስ ያለበት፣ ሌላ ሰው ሥራ ላይ ሊያውለው የሚችል ሰነድ ማለቴ ነው።

ወራትንና ዓመታትን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው። የዓለም አቀፍ ሕግ መድረክ የሚሄደው በዚያ ስለሆነ የማኅበራችሁንም ፕሮግራም በዚያው መያዝ ይቀላል።

«የእኛን ወረቀት ማን ያነበዋል?»

ይህ ጥያቄ ሥራ አስፈጻሚው በተሰበሰበ ቁጥር ይነሳል። በቅንነት የሚነሳ ስለሆነ በቅንነት መመለስ አለበት።

በ1873 ሁለት የሙያ ተቋማት ተመሠረቱ። አንዱ ጌንት ላይ የተቋቋመው የዓለም አቀፍ ሕግ ኢንስቲትዩት ነው። በ1904 የኖቤል የሰላም ሽልማት አግኝቷል። ሌላው ብራስልስ ላይ የተቋቋመው የዓለም አቀፍ ሕግ ማኅበር ነው፤ ዛሬ በብዙ አገሮች ቅርንጫፍ አለው፣ በየሁለት ዓመቱም ትልቅ ጉባኤ ያካሂዳል። ሁለቱም የማንም መንግሥት ውክልና የላቸውም። ሕግ የማውጣት ሥልጣንም የላቸውም።

ይሁን እንጂ የዓለም አቀፍ ሕግ ማኅበር በ1966 ሄልሲንኪ ላይ ስለ ድንበር ተሻጋሪ ወንዞች አጠቃቀም ደንቦችን አወጣ። ደንቦቹ አንድም አገር አያስገድዱም ነበር። የፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀምን መርህ ግን በጥራት አስቀመጡ፤ ፍትሐዊ ድርሻ ሲወሰን ምን ምን ነገር መታየት እንዳለበትም ዘረዘሩ። ከዚያ በኋላ ስለ ወንዞች የተደራደሩ ብዙዎች ያንን ጽሑፍ ተመልክተዋል። በ1997 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ያጸደቀውን የዓለም አቀፍ የውኃ መስመሮች ስምምነት 5ኛና 6ኛ አንቀጽ አንብቡ፤ የሄልሲንኪን አሻራ ታገኙታላችሁ። ስምምነቱ በ2014 ሥራ ላይ ውሏል።

በሕጉ በኩልም በሩ ክፍት ነው። የዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት መተዳደሪያ ሕግ 38ኛ አንቀጽ የታወቁ ሊቃውንትን ሥራ የሕግን ይዘት ለማወቅ የሚረዳ ተጨማሪ ምንጭ አድርጎ ይቆጥራል። ዓለም አቀፍ ሕግን የሚያጠናው የተባበሩት መንግሥታት የባለሙያዎች አካል፣ የዓለም አቀፍ ሕግ ኮሚሽን፣ መተዳደሪያም በ26ኛው አንቀጽ ኮሚሽኑ ዓለም አቀፍም ሆኑ አገር አቀፍ፣ መንግሥታዊም ሆኑ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶችን ማማከር እንደሚችል ይናገራል። ስለዚህ ጥሩ ከተጻፈ የሚያነበው አለ።

ጥያቄውን መምረጥ

ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ነው። እዚህ ላይ የሳተ ዕቅድ በኋላ በምንም አይቃናም።

ርዕስና ጥያቄ ይለያያሉ። «የአየር ንብረት ለውጥና ዓለም አቀፍ ሕግ» ርዕስ ነው። ማንም ተነስቶ ስለ ርዕስ አንድ ሰዓት ማውራት ይችላል፤ ሲጨርስ ግን የሚስማማም የሚቃወምም አይኖርም። «የባሕር ጠለል ከፍ ብሎ የአንድ አገር ዳርቻ ወደ ውስጥ ቢሸሽ፣ የባሕር ወሰኑም አብሮ ይሸሻል ወይ?» የሚለው ግን ጥያቄ ነው። በ1982ቱ የባሕር ሕግ ስምምነት መሠረት 12ቱ ማይል የባሕር ክልልም ሆነ 200ው ማይል የኢኮኖሚ ቀጠና የሚለካው ከመነሻ መስመር ነው። መደበኛው መነሻ መስመር ደግሞ ውኃው ዝቅ ሲል የሚታየው የዳርቻ መስመር ነው። ዳርቻው ሲንቀሳቀስስ? የዓለም አቀፍ ሕግ ማኅበር ይህን የሚያጠና ኮሚቴ በ2012 አቋቋመ። በ2018 ሲድኒ ላይ ባደረገው ጉባኤም በአግባቡ የተወሰነ መነሻ መስመርና ወሰን ጠለሉ ከፍ ስላለ ብቻ እንደገና እንዲሠመር መገደድ የለበትም የሚል አቋም ወሰደ። በቀጣዩ ዓመት የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ ሕግ ኮሚሽን ጉዳዩን በሥራ ፕሮግራሙ ውስጥ አስገባ። ጠባብ ጥያቄ ሩቅ እንደሚሄድ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

ምርጫውን የማካሂደው እንዲህ ነው። ለአባላት ኢሜይል እልካለሁ። እያንዳንዱ አባል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይጽፋል፤ ዓረፍተ ነገሩ በጥያቄ ምልክት ማለቅ አለበት። የመጡትን በሦስት መስፈርት አጣራለሁ። መጀመሪያ፣ በቂ ዕውቀት ያላቸው ሁለት የሕግ ሰዎች በመልሱ ላይ ሊለያዩ ይችላሉ ወይ? ሁሉም የሚስማማበት ከሆነ ዓመት አያስፈልገውም፤ አንድ የማስተማሪያ ጽሑፍ ይበቃዋል። ቀጥሎ፣ ለመልሱ የሚያስፈልጉትን ሰነዶች አባሎቻችን ማግኘት ይችላሉ ወይ? ምስጢራዊ የድርድር ማኅደር ካስፈለገ ይቅርብን። ሦስተኛውና እኔ ብዙ ክብደት የምሰጠው፣ መልሱን የሚጠብቅ ሰው አለ ወይ? በስም መጥራት አለብኝ። የሚኒስቴር የሕግ ክፍል ኃላፊ፣ ዳኛ፣ የወደብ አስተዳዳሪ፣ የስደተኞች ጉዳይ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። ማንንም መጥራት ካልቻልኩ ጥያቄውን አልወስደውም።

እስካሁን ከሠራሁባቸው ጥያቄዎች የምወደው ከአንድ ጡረታ የወጡ የመርከብ ካፒቴን ነው የመጣው። በባሕር ላይ ሕይወት የማዳን ግዴታን በተመለከተ ንግግር አዘጋጅተን ነበር። ተናጋሪው የባሕር ሕግ ስምምነቱን 98ኛ አንቀጽ በደንብ አብራሩ። ካፒቴኑ ከኋላ ተነሱና፣ «ማዳኑን እናውቀዋለን፤ ሕግ ሳይነግረንም እናድናለን። ያዳንኳቸውን ሰዎች የት ነው የማወርዳቸው? ወደቡ አልቀበልም ካለኝስ?» አሉ። አዳራሹ ዝም አለ። በነጋታው ለሥራ አስፈጻሚው የሚቀጥለው ዓመት ጥያቄ ተገኘ ብዬ ጻፍኩ፦ «መርከብ ያዳናቸውን ሰዎች የማስወረድ ግዴታ የማን ነው?»

ትኩስ የፖለቲካ ጉዳይን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ብዙ ማኅበራት ይሸሻሉ። እኔ መሸሹን አልመክርም። ነገር ግን መንግሥታችሁ በዚያው ጉዳይ ላይ ተከራካሪ ወይም ተደራዳሪ ከሆነ ሁለቱንም ወገን አጠንክሮ የሚያቀርብ ሰው መኖሩን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። አንድ ወገን ብቻ የሚሰማበት መድረክ ከሆነ ማኅበሩ የሙያ ማኅበር መሆኑ ይቀራል።

ከዓለም የሕግ ወቅቶች ጋር መግጠም

የዓለም አቀፍ ሕግ ዓመት የራሱ ወቅቶች አሉት። በሴፕቴምበር የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ አዲስ ጉባኤ ይከፍታል፤ በዚያው ሰሞን አገሮች ስምምነቶችን የሚፈርሙበትና የማጽደቂያ ሰነድ የሚያስገቡበት ልዩ ፕሮግራም ይዘጋጃል። በኦክቶበር መጨረሻ ላይ የሕግ ጉዳዮችን የሚመለከተው ስድስተኛ ኮሚቴ የዓለም አቀፍ ሕግ ኮሚሽንን ዓመታዊ ሪፖርት መወያየት ይጀምራል። የየአገሩ የሕግ አማካሪዎች ኒው ዮርክ የሚሰበሰቡት ያን ጊዜ ነው። የፍትሕ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንትም ለጠቅላላ ጉባኤው ንግግር የሚያደርገው በዚያው ሰሞን ነው። በአውሮፓ ክረምትና ጸደይ የምስለ ችሎት፣ ማለትም ተማሪዎች በልብ ወለድ ክስ የሚከራከሩባቸው፣ ውድድሮች ይካሄዳሉ። ከዚያ ኮሚሽኑ ጄኔቫ ላይ ይሰበሰባል። በጁላይና በኦገስት የሄግ የዓለም አቀፍ ሕግ አካዳሚ የአውሮፓን በጋ ተከትሎ ትምህርቱን ይሰጣል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ እኔ ትልቅ ቦታ የምሰጠው ለኮሚሽኑ ሪፖርት ነው። ሪፖርቱ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ሙሉውን ማንበብ ጊዜ ይወስዳል፤ ሦስተኛውን ምዕራፍ ግን ማንም እንዳያልፈው። ኮሚሽኑ ከመንግሥታት ምን ዓይነት መረጃና አስተያየት እንደሚፈልግ የሚዘረዝረው እዚያ ነው። ብዙ መንግሥታት የሰው ኃይል ስለሚያንሳቸው መልስ ሳይልኩ ይቀራሉ። ማኅበራችሁ የአገሩን ሕግ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔና አሠራር ሰብስቦ ለሚኒስቴሩ የሕግ ክፍል ቢያቀርብ ትልቅ ሸክም ያቃልላል። በሙያ ማኅበርና በመንግሥት የሕግ ክፍል መካከል መተማመን ሲፈጠር ያየሁት በእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ነው። በግብዣ ሲፈጠር አላየሁም።

የመታሰቢያ ቀናትንም ላንሳ። ጁን 20 የስደተኞች ቀን አለ። ጁላይ 17 የዓለም አቀፉን የወንጀል ፍርድ ቤት ያቋቋመው የሮም ስምምነት በ1998 የጸደቀበት ቀን ነው። ኦገስት 12 አራቱ የጄኔቫ ስምምነቶች በ1949 የተፈረሙበት ነው። ኦክቶበር 24 የተባበሩት መንግሥታት ቀን፣ ዲሴምበር 10 ደግሞ የሰብዓዊ መብት ቀን ነው። ሁሉንም ለማክበር የሚሞክር ማኅበር ሌላ ሥራ አይሠራም። ከዓመቱ ጥያቄ ጋር የሚገጥሙ ሁለት ቀናት ምረጡና የቀሩትን ተዉአቸው። የካፒቴኑ ጥያቄ በተያዘበት ዓመት የስደተኞችን ቀን መረጥን። ሁለተኛው ዲሴምበር 10 ነበር፤ የባሕር ሕግ ስምምነቱ ሞንቴጎ ቤይ ላይ ለፊርማ የቀረበው በ1982 በዚያው ቀን ነውና ሁለቱን አንድ ላይ አየናቸው።

የጥናት ቡድኑ

የማኅበሩ ልብ ይህ ነው። ጊዜ ቢያጥራችሁ ንግግሮችን ቀንሱ፣ ይህን ግን አትንኩ።

ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰው ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ግማሹ ሳያነብ ይመጣል። መምህራን ብቻ አይሁኑ። በካፒቴኑ ጥያቄ ላይ አንድ የመርከብ ኢንሹራንስ ጠበቃ፣ አንድ የስደተኞች ሕግ ባለሙያ፣ አንዲት ዳኛና ሁለት ተማሪዎች አስገባን። ካፒቴኑም በታዛቢነት ይቀመጡ ነበር። ሌሎቻችን የዳኑት ሰዎች ሊደርሱበት ስለሚገባው «አስተማማኝ ቦታ» ትርጉም ስንከራከር፣ እሳቸው አንድ የጭነት መርከብ ከመቶ በላይ ተጨማሪ ሰው ሲይዝ ውኃና መጸዳጃው ምን እንደሚሆን ይነግሩናል። ያ ክርክሩን መሬት ያስይዘው ነበር።

አንድ ሰው ራፖርተር ይሁን። ኮሚቴ ይወያያል፤ የሚጽፈው ግን አንድ እጅ መሆን አለበት። በየአምስት ሳምንቱ ገደማ ተገናኙ። ለእያንዳንዱ ስብሰባ ራፖርተሩ ጥቂት ገጽ ቀድሞ ይላክ። ጽሑፍ ካልተላከ ስብሰባው ይሰረዝ፤ በዚህ ላይ አልደራደርም።

ሥራው የሚጀምረው ከስምምነቶቹ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንድ አገር ፈርሟል ማለት ተዋዋይ ሆኗል ማለት አይደለም። ማጽደቁን፣ የተያዘ ቅድመ ሁኔታ (አገሩ አልገደድበትም ብሎ የለየው ነገር) መኖር አለመኖሩን፣ ስምምነቱ መቼ ሥራ ላይ እንደዋለ፣ ማሻሻያ ካለ ደግሞ ማን እንደተቀበለው ስምምነቱን በሚያስቀምጠው ተቋም ገጽ ላይ አንድ በአንድ ተመልከቱ። በእኛ ጥያቄ ልዩነት ያመጣው ይኸው ነበር። በኦገስት 2001 ታምፓ የተባለ የኖርዌይ የጭነት መርከብ ከ400 በላይ ሰዎችን አዳነ፤ አውስትራሊያ ግን እንዳይገባ ከለከለችው። ከዚያ በኋላ በ2004 የ1974ቱ የባሕር ላይ የሕይወት ደኅንነት ስምምነትና የ1979ኙ የፍለጋና ነፍስ አድን ስምምነት ተሻሻሉ። ማሻሻያዎቹ በ2006 ሥራ ላይ ዋሉ። የነፍስ አድን ቀጠናው ኃላፊ የሆነው አገር የዳኑት ሰዎች አስተማማኝ ቦታ እንዲደርሱ የማስተባበር ቀዳሚ ኃላፊነት አለበት ይላሉ። «ወደብህን ክፈት» ግን አይሉም። ማልታ ደግሞ ማሻሻያዎቹን አልተቀበለችም። እንግዲህ መልሱ ከአገር አገር ሊለያይ ነው። ይህን ሳታጣሩ «ዓለም አቀፍ ሕግ እንዲህ ይላል» ብትሉ፣ አንድ ንቁ የሕግ አማካሪ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያፈርሰዋል።

የስምምነት ቃል ሲተረጎም መነሻችሁ የ1969ኙ የቪየና የስምምነቶች ሕግ ስምምነት 31ኛና 32ኛ አንቀጽ ይሁን። ልማዳዊ ሕግ አለ የምትሉ ከሆነ ደግሞ ሁለት ነገር ማሳየት አለባችሁ፤ የአገሮች አጠቃላይ አሠራር መኖሩንና አገሮቹ ያንን የሚያደርጉት በሕግ ግዴታ ወይም መብት አምነው መሆኑን። ኮሚሽኑ በ2018 ያወጣቸው 16 ድምዳሜዎች ለዚህ ሥራ እጅግ ይረዳሉ። እኔ ለተማሪዎቹ ሠንጠረዥ አሠራለሁ፦ አገር፣ ድርጊት፣ ቀን፣ የወሰደው አካል፣ የተሰጠው ምክንያት፣ የተገኘበት ሰነድ። ምክንያት የሚለው ዓምድ ባዶ ሲሆን ባዶውን እንተወዋለን፤ በግምት አንሞላም። ዝምታን እንደ ስምምነት መቁጠርም ቀላል አይደለም። አገሩ ምላሽ ለመስጠት በሚችልበት ሁኔታ ላይ መሆኑና ነገሩም ምላሽ የሚጠይቅ መሆኑ መታየት አለበት።

ሰነዱ ከአሥራ አምስት ገጽ አይብለጥ። የመጀመሪያው ገጽ ጥያቄውንና መልሱን ይያዝ። ዳራው በኋላ ይመጣል። የማይስማማ አባል ካለ ሐሳቡ በስሙ ይውጣ። የፍትሕ ፍርድ ቤቱ ዳኞች የልዩነት ሐሳባቸውን ከፍርዱ ጋር ያያይዛሉ፤ እኛም እንደዚያው እናድርግ። ሁሉንም ለማስማማት ተብሎ የለዘበ ጽሑፍ ማንም አይጠቅሰውም።

ንግግሮች

በዓመት አራት ይበቃሉ። ሁሉም ከጥያቄው አንዱን ጎን ይያዙ። ለተናጋሪው የምልከው ደብዳቤ አጭር ነው፦ 25 ደቂቃ፣ ሁለት ገጽ መነሻ ጽሑፍ ከሳምንት በፊት፣ አንድ ግልጽ አቋም። «አጠቃላይ ምልከታ» የሚል ርዕስ ከላኩልኝ በትሕትና እመልሰዋለሁ።

ከንግግሩ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች የተማሪዎች ናቸው። ትልልቆቹ ከቀደሙ ታናናሾቹ አይናገሩም፤ ትልልቆቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥያቄ ሳይሆን ሌላ ንግግር ነው የሚያደርጉት። አወያዩ ይህን የሚያስቆም ወኔ ያለው ሰው ይሁን። አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ ያልተመለሱትን ጥያቄዎች ይጻፍ። በነጋታው ለጥናት ቡድኑ ይሂዱ።

ከሩቅ አገር ሰው ማምጣት ካልቻላችሁ አትጨነቁ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ከ2008 ጀምሮ የዓለም አቀፍ ሕግ የድምፅና ምስል ቤተ መጻሕፍት አለው። ዳኞችና መምህራን የሰጧቸው ትምህርቶች በነፃ ይታያሉ። አንዱን አብሮ ተመልክቶ ለአንድ ሰዓት መከራከር ከብዙ ፓናል ይሻላል።

ምስለ ችሎትና ተማሪዎች

በዓለም አቀፍ ሕግ ትልቁ ውድድር በፊሊፕ ጄሰፕ ስም የተሰየመው ነው። ከ1960 ጀምሮ ይካሄዳል። ጄሰፕ ራሳቸው የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ። ተማሪዎች በሁለት ልብ ወለድ አገሮች መካከል ስለተነሳ ክርክር ለከሳሽም ለተከሳሽም ይጽፋሉ፣ ከዚያ በቃል ይከራከራሉ። የሁለቱንም ወገን መጻፍ ግዴታ መሆኑ ትልቁ ትምህርት ይመስለኛል።

የማኅበሩ ድርሻ ዳኞችን ማቅረብ ነው። ዳኛ ሆኖ የሚቀርብ ጠበቃ በዘርፉ ልምድ ላይኖረው ይችላል፤ ስለዚህ የዳኞች ማብራሪያው ከአሥር ቀን በፊት ይድረሰው። ከክርክሩ በፊት ሰብስቤ ሦስት ነገር አደራ እላለሁ። ጥያቄያችሁ አጭር ይሁን። ተማሪው ለመለሰው መልስ እንጂ እናንተ ለጠበቃችሁት መልስ ነጥብ አትስጡ። ነጥባችሁን ሳትነጋገሩ ሙሉ። አስተያየት ሲሰጥ ደግሞ «በራስ መተማመን ይጎድልሃል» ዓይነት ነገር አይጠቅምም። «ስለ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን ስትጠየቅ ወደ ዋናው ጉዳይ ዘለልክ» ቢባል ልጁ በሚቀጥለው ዙር ያርመዋል።

መጽሐፍ ያጠራቸውን ቡድኖች ፈልጋችሁ እርዷቸው። የአባላትን የዳታቤዝ ፈቃድ ማዋስ ብዙ ጊዜ ስለማይፈቀድ ሌላ መንገድ ያስፈልጋል። እኛ አባላት በየተራ ጥያቄ የሚቀበሉበት የቴሌግራም ቡድን ከፍተናል፤ ሰነድ ይጠቁማሉ፣ ክርክሩን ግን አይጽፉላቸውም።

ተማሪዎችን ወንበር ለመደርደርና ምዝገባ ለመያዝ ብቻ የሚጠሩ ማኅበራትን ሳይ ያሳዝነኛል። በ2019 በደቡብ ፓስፊክ ዩኒቨርሲቲ፣ ቫኑዋቱ ላይ የሚማሩ 27 የሕግ ተማሪዎች አንድ ሐሳብ አነሱ፦ የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት አገሮች በአየር ንብረት ለውጥ ላይ ምን ግዴታ እንዳለባቸው የምክር አስተያየት ይስጥ። መንግሥታትን በደብዳቤ ጠየቁ። የቫኑዋቱ መንግሥት ጉዳዩን ያዘው። ማርች 29፣ 2023 ጠቅላላ ጉባኤው ጥያቄውን ያለ ድምፅ ልዩነት ወደ ፍርድ ቤቱ መራው። ጁላይ 23፣ 2025 ፍርድ ቤቱ አስተያየቱን ሰጠ። ይህን ካወቅሁ በኋላ ሁለት ተማሪ የሌለበት የጥናት ቡድን አላቋቋምም።

ጋዜጠኞችና ዳኞች

በዓመት አንድ ግማሽ ቀን ለጋዜጠኞች ስጡ። ብዙ ማስተማር አያስፈልግም። ሄግ ውስጥ ያሉትን ሁለት ፍርድ ቤቶች መለየት ብቻ ግማሽ ሥራ ነው። የፍትሕ ፍርድ ቤቱ አገሮችን ያከራክራል፤ ከ1946 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን 15 ዳኞች አሉት። ከ2002 ጀምሮ ያለው የወንጀል ፍርድ ቤት ደግሞ ግለሰቦችን ይከሳል። ክርክሩ እስኪያልቅ ፍርድ ቤቱ የሚያዝዘው ጊዜያዊ እርምጃ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። የምክር አስተያየትም በአገሮች መካከል እንዳለ የክርክር ፍርድ አያስገድድም። እነዚህን በአንድ ገጽ አትማችሁ ስጡ፤ ከጀርባው በአስቸኳይ ቀን የሚደወልላቸው የሦስት አባላት ስልክ ይኑር፤ አባላቱም ስልኩን ያንሱ።

ለዳኞች ከሆነ ንግግር አታድርጉ። አንድ መዝገብ ይዛችሁ ሂዱ፤ የስምምነት አንቀጽ የተጠቀሰበት ፍርድ ይሁን፤ ከእነሱ ጋር ሥሩበት።

ገንዘብና ጠቅላላ ጉባኤ

የአባልነት መዋጮ አነስተኛ ይሁን፤ በወቅቱ ግን ይሰብሰብ። ስፖንሰር ለአዳራሽና ለኅትመት ተቀበሉ፤ ለጥናት ቡድኑ ግን ከማንም አትቀበሉ። በጥያቄው መልስ ላይ ጥቅም ያለው ድርጅት ለሰነዱ ከከፈለ ሰነዱ የመጀመሪያ ገጹ ላይ ሞቷል።

በጠቅላላ ጉባኤው ቀን የሰነዱ ውይይት ጠዋት፣ ምርጫውና የሒሳብ ሪፖርቱ ከሰዓት በኋላ ይሁኑ። ምርጫ ከቀደመ ሰው ድምፁን ሰጥቶ ይሄዳል። ረቂቁ ከሦስት ሳምንት በፊት ለሁሉም አባል ይላክ። ማሻሻያ የሚፈልግ ሰው ምትክ ዓረፍተ ነገሩን ጽፎ ያምጣ። «ይህ አንቀጽ ቢታሰብበት» የሚል አስተያየት በቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ረቂቁን ግን አያስቆምም።

ሰነዱ ከጸደቀ በኋላ

አብዛኛው ማኅበር እዚህ ላይ ይደክመዋል። ፒዲኤፉ ይወጣል፣ ይለጠፋል፣ ይረሳል። መጀመሪያ ጥያቄውን ስትመርጡ በስም የጠራችኋቸውን ሰዎች አስታውሱ። ለእያንዳንዳቸው የተለየ ደብዳቤ ጻፉ፤ እነሱን የሚመለከተው የትኛው ገጽ እንደሆነ በደብዳቤው ውስጥ ይጠቀስ። ሁለት ገጽ አጭር ቅጂ በሚሠሩበት ቋንቋ ይዘጋጅ። የሃያ ደቂቃ ቀጠሮ ጠይቁ። ራፖርተሩና አንድ ተማሪ ሄደው ያስረዱ።

የካፒቴኑን ጥያቄ ሰነድ ስንጨርስ የመጀመሪያው ቅጂ የሄደው ለአንድ የነፍስ አድን ማስተባበሪያ ማዕከል ነበር። እዚያ የሚሠሩት ሰዎች የጠየቁን በአንድ ገጽ የተጻፈ የስልክ ላይ መመሪያ ነው፦ መርከቡ ሲደውል ማን ምን ይጠይቃል፣ ከየትኛው አገር ጋር ይገናኛል፣ መልስ ካጣ ቀጥሎ ለማን ይደውላል። እኛ አላሰብነውም ነበር። ራፖርተሩ ከካፒቴኑ ጋር ተቀምጠው ጻፉት።

ከስድስት ወር በኋላ ተመልሳችሁ ጠይቁ። ምን ጠቀመ? ምን አልገባም? ከሰነዱ በኋላ ምን አዲስ ፍርድ ወይም ማሻሻያ መጣ? መልሱን በሰነዱ መጨረሻ ላይ እንደ ማሻሻያ ጨምሩና ቀኑን ጻፉ። ሠንጠረዡን፣ የደብዳቤ ዝርዝሩንና ያልተመለሱትን ጥያቄዎች በአንድ ማኅደር አድርጋችሁ ለሚቀጥለው አስተባባሪ አስረክቡ። የሚቀጥለው ዓመት የአባላት ኢሜይል ሲላክ ያልተመለሱት ጥያቄዎች አብረው ይያያዙ።